የዘጠኝ ሰዓት ተኩሉ ማሲንቆ

ማሲንቆ መቺው ዘርአብሩክ ሞቶ የተገኘው በሆቴል ክፍሉ፣ በአልጋውና በግድግዳው መካከል በጉልበቱ ተንበርክኮ ነው። ከበሩ ላይ ላየው የሚጸልይ ይመስላል። ቀረብ ላለው ግን ኡድ የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ ክር በአንገቱ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ከጆሮው በታች ሥጋው ውስጥ ሰምጦ ይታያል። ማሲንቆው ከራስጌው በላይ በሚስማር ተሰቅሏል። ደጋኑ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተጋድሟል፤ ከአጠገቡ የሳሙና ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ሳህን ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ሙጂባ አርብ ዕለት ኦቦ ከሚባል መንደር ስትመለስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር ወደ ክፍሉ የገባችው። የጣቢያው አዛዥ ደበላ በሩን ሞልቶ ቆሞ ጠበቃት።

«ዘገየሽ» አላት። «ሥራው አልቋል። ገዳዩን አስሬዋለሁ።»

«ሟቹ ሳይታይ፣ አፋንዴ?» አለችው በፖሊሶች የማዕረግ አጠራር።

«ሟቹ ምን ይነግርሻል? ክሩ የኡድ ተጫዋቹ የአብዱላሂ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲሰዳደቡ የሰፈሩ ፍየል ሳይቀር ሰምቷል። በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሟቹ ማሲንቆ ሲመታ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ወደዚህ ክፍል ሲሄድ የታየ ሰው አብዱላሂ ብቻ ነው። ነገ በሰባት ሰዓት ወደ ማርሳቢት ፍርድ ቤት በሚነሳው መኪና እልከዋለሁ።»

«ለምን ተቸኮለ?»

«ውጪውን አላየሽም? በአንድ በኩል የሟቹ ወገኖች፣ በሌላ በኩል የታሳሪው ወገኖች። ሁሉም እጁን ከኋላው ደብቋል። የደበቁት አበባ አይደለም።»

ሙጂባ እዚሁ ከተማ፣ ማንያታ የሚባል ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አራት ቋንቋ የምትናገር፣ በአራቱም ዝም ማለት የምታውቅ ሴት ነበረች። የደጋኑን ጭራ በሁለት ጣቷ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈችው። ከዚያ ጣቶቿን ወደ ብርሃኑ ዘርግታ አየች። ንጹሕ ነበሩ። ማሲንቆውን መቃኛውን ሳትነካ ከሚስማሩ አወረደችና ከነደጋኑ ይዛ ወጣች።

የሙዚቃ ዝግጅቱን ያሰበው የሆቴሉ ባለቤት አሰግድ ነው። ከኢትዮጵያ ድንበር ወዲህ ያለው የሞያሌ ከተማ ከአራት ዓመት በፊት ተቃጥሏል፤ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ተነሥቷል። አሰግድ ለዕርቅ ብሎ አራት ሙዚቀኞች ሰበሰበ። ዘርአብሩክ በማሲንቆ፣ የእሱ ተማሪ የሆነችው ማህሌት በክራር፣ የሞያሌው ነጋዴ አብዱላሂ በኡድ፣ ከኪሱሙ በኩል የመጣው ኦጎላ ስምንት ክር ባለው የአገሩ ክራር፣ በኛቲቲ፤ አራቱም ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ መድረክ ሊጫወቱ ነበር። አሰግድ አንድ ሕግ አወጣ፤ መሣሪያ ብቻ፣ ቃል የለም። በየትኛውም ቋንቋ ቢዘፈን ሌላው ወገን ስድብ ይፈልግበታል አለ። ከተማው ሁሉ ብልህነቱን አደነቀ።

ቃል ስለሌለ ጠቡ ወደ ቅኝት ገባ። ማን ወደ ማን ይቃኝ? ለሁለት ሳምንት መልስ አልተገኘም።

ቅዳሜ ጠዋት ሙጂባ አብዱላሂን እስር ክፍሉ ውስጥ አገኘችው። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ አልተቀመጠም።

«ገደልከው?»

«ብገድለው በራሴ ክር ነው የምገድለው? እብዱ እኔ ነኝ ወይስ አዛዣችሁ?»

«ትጠላው ነበር።»

«ወላሂ እጠላዋለሁ። ሞቶም እጠላዋለሁ። ኡዴን ‹ሆዱን የነፋው በርሜል› ይለዋል። ሁለት ሳምንት ፊት ለፊት ተቀምጠን አንድ ቀን ዐይኔን አይቶ አያውቅም። ሰው ግድግዳ እንኳ ያያል!»

«ታዲያ በአሥር ሰዓት ክፍሉ ድረስ ምን ወሰደህ?»

«ጠዋት ጉድ ስለሠራ ነዋ። ‹ሁላችሁም ወደ እኔ ቃኙ› ሲለን ከርሞ፣ አርብ ጠዋት ተነሥቶ ማሲንቆውን ወደ ኦጎላ ኛቲቲ ዝቅ አደረገ። ‹ኛቲቲው ስምንት ክር ነው፣ የኔ አንድ ነው› አለ። እኛም ተከትለን ዝቅ አልን። ምን እንደነካው ልጠይቀው ሄድኩ። አንኳኳሁ፤ ዝም። ንቆኛል ብዬ ተመለስኩ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ጁምዓ ነበርኩ። ከመስጊድ ስምንት ተኩል ላይ ወጥቼ ከአጎቶቼ ጋር ምሳ በላሁ። ዘጠኝ ተኩል ገደማ ለብቻዬ ወደ ሆቴሉ መጣሁ። መስጊድ መቶ ሰው አይቶኛል፤ አዛዣችሁ ግን መቶ ሰው የሚያየኝን ሰዓት አይፈልግም።»

«ትርፍ ክሮችህ የት ነበሩ?»

«አዳራሹ ውስጥ፣ ከኡዱ ሳጥን። ሳጥኑ ቁልፍ የለውም።»

ሙጂባ ወደ በሩ ዞረች፤ ከዚያ ቆመች። «ከእነዚህ ሰዎች ጋር እዚያ ሆቴል ለመጫወት ለምን እሺ አልክ?»

አብዱላሂ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከተማው የተቃጠለ ቀን ወንድሜ ሀቢቦ የሞተው የሆቴሉ በር ላይ ነው። እያንኳኳ። አቶ አሰግድ ‹ያን ቀን ማዶ ኢትዮጵያ ነበርኩ፣ ሆቴሉ ባዶ ነበር፣ የሚከፍት አልነበረም› ብሎ እያለቀሰ ነገረኝ። ያለቀሰልኝ እሱ ብቻ ነው። ስለ እሱ ብዬ መጣሁ።»

ኦጎላ የሆቴሉ ግቢ ውስጥ በአጭር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። በእግሩ አውራ ጣት ላይ ያለውን የብረት ቀለበት ከኛቲቲው ጠርዝ ጋር ያጋጫል። የሚናገረው ስዋሂሊ ነው፤ ሙጂባም በስዋሂሊ ጠየቀችው።

«አርብ ከሰዓት ምን ሰማህ?»

«ስድብ፣ ማማ። ምሳ በልቼ ተኝቼ ነበር። በዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ እዚህ ተቀምጬ እቃኛለሁ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ያ ሽማግሌ ከክፍሉ ጀመረ። ማሲንቆው ከእኔ ክር በላይ! ጠዋት በሰው ፊት ወደ እኔ ወረደ፤ ከሰዓት ደግሞ ተመልሶ ወጣ። ጆሮዬን በመርፌ ወጋኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰደበኝ።»

«በቃል?»

«በማሲንቆ። ከቃል ይብሳል።»

«አስከሬኑ ሲገኝስ?»

«እዚሁ ነበርኩ። አሰግድ ሻይ በትሪ ይዞ፣ ትሪውን ፎጣ አልብሶ ገባ። እኔ ሁለት ክር ቃኘሁ። ከዚያ በሩ ላይ ወጥቶ ጮኸ።»

«ሁለት ክር ስንት ደቂቃ ነው?»

«አንደኛው ታዛዥ ነው። ሁለተኛው እንደ ሚስቴ እናት ነው። አራት ደቂቃ በዪው። ሰው ሲጮኽ እጁ አይንቀጠቀጥም? የእሱ ትሪ ፎጣውን እንደለበሰ ነበር። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።»

ሙጂባ ማሲንቆውን ከጨርቁ አወጣችና ጭራውን በጥፍሯ ነካችው። ኦጎላ ሳያስበው አንዱን ክሩን መታ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ ገጠሙ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ይኼ ጠዋት እንዳስተካከለው ነው» አለ። «ፀጉር ታህል አልነቃነቀም። ታዲያ እንዴት አድርጎ ሰደበኝ?»

ሙጂባ ማሲንቆውን መልሳ ሸፈነችው።

ማህሌት ዐይኗ አብጦ፣ ክራሯን ታቅፋ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። በሐዘኗ ውስጥ ቁጣ አለ።

«ስድስት ዓመት ‹ገና ነሽ› ሲለኝ ኖረ» አለች። «አንድ ቀን ‹ደርሰሻል› ቢለኝ ምን ነበረበት? አሁን ማን ይበለኝ?»

«አርብ ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ቡቲዬ መንደር፣ አክስቴ ጋ። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ። ብዙ ሰው አይቶኛል።»

ሙጂባ ደጋኑን ዘረጋችላት። ማህሌት ጭራውን ዳሰሰችና ቀና አለች።

«ጋሼ ጭራውን ቀይሮታል! አዲስ ነው። አጥቦ ሊደርቅ ነው ያስቀመጠው። ሙጫ ገና አልነካውም።»

«እንዲህ እንዳለ ቢመታበትስ?»

«ምን ይመታበታል? ሙጫ ያልተቀባ ጭራ ይንሸራተታል እንጂ አይናገርም።»

«ሌላ ደጋን ነበረው?»

«አንድ ብቻ። የሰው ደጋን ደግሞ በእጁ አይነካም፤ ይጸየፋል።»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ ሲጫወት ተሰምቷል ይላሉ።»

«እኔ አልነበርኩም» አለች ማህሌት። ከዚያ ደጋኑን አየች፤ ሙጂባንም አየች።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት ሙጂባ። «አሁን ሌላ ነገር። አርብ ጠዋት ምን አለሽ?»

«‹ነገ ቃል አወጣለሁ› አለኝ። ‹ስለዚህ ሆቴል በር ሁለት ስንኝ አለኝ፤ አብዱላሂ ፊቴ ተቀምጦ ሳልለው አልሞትም› አለኝ። አብዱላሂን ሊሰድብ መሰለኝ። ዝግጅቱ በድንጋይ እንዳያልቅ ብዬ ለጋሼ አሰግድ ደወልኩ። ጎሕ ሲቀድ ድንበር ተሻግሮ ነበር፣ ወንበርና ድምፅ ማጉያ ከጉምሩክ ሊያወጣ። ‹አይዞሽ፣ እንደ ተመለስኩ አናግረዋለሁ› አለኝ።»

«ቅኝቱ መለወጡን ነገርሽው?»

«ጋሼ አሰግድን? ስለ ቅኝት ምን ብዬ ልንገረው! ክራርና ኡድ በመልክ ነው የሚለያቸው።»

አሰግድ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ነበር። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። በከተማው የደገኞቹ ዕድር ዳኛ እሱ ነው፤ ለድንኳኑ በስልክ ትእዛዝ እየሰጠ ነው። የዘርአብሩክ ክፍል ከባንኮኒው ጀርባ ካለው ግድግዳ ወዲያ ነው።

«አፋንዴ፣ አረፍ በይ። ሶዳ ላምጣልሽ?»

«አልጠማኝም፣ አቶ አሰግድ። አርብ በስንት ሰዓት ተመለሱ?»

«በስምንት። ከዚያ ከዚህ ባንኮኒ አልተነሣሁም። ዘጠኝ ተኩል ላይ ከአዛዡ ጋር እዚህ ሶዳ ስንጠጣ ማሲንቆው ተሰማ። ‹ሽማግሌው ተነሣ› አልኩት፤ ሳቅን። ምን አውቄ፣ የመጨረሻው ነው ብዬ!»

«ሲመለሱ አነጋገሩት?»

«መች ጊዜ አገኘሁ።»

«ሳምንቱን ሁሉ በመኪና ሲዞር የነበረው የማስታወቂያ ሙዚቃ ማሲንቆ አይደል? ማን ቀዳው?»

«እኔው ነኝ፤ በዚህ ስልኬ። ባለፈው ሰኞ።»

«ከተማው በተቃጠለ ቀን ዘርአብሩክ የት ነበር?»

አሰግድ ንጹሑን ባንኮኒ በፎጣ ጠረገው። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አፋንዴ። ማዶ ነበርኩ። ማንንም ጠይቂ፣ ይነግርሻል።»

«አዎ» አለች ሙጂባ። «ሁሉም ይነግረኛል።»

ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄዳ አቧራ የለበሰውን ቁም ሣጥን ከፈተች። ሆቴሎች የእንግዳ መዝገባቸውን ቅጂ በየወሩ ለጣቢያው ያስረክባሉ። የሚያነበው ግን የለም።

በስድስት ሰዓት ተኩል ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። አብዱላሂ እጁ ታስሮ ቆሟል። ኦጎላና ማህሌት ጎን ለጎን፣ አሰግድ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ውጪ የማርሳቢቱ መኪና ሞተሩን አስነሥቷል። ከመኪናው ባሻገር ሕዝቡ እንደ ንብ ይጮኻል።

«ግማሽ ሰዓት አለሽ» አላት ደበላ። «ከዚያ ይሄዳል።»

«ይበቃኛል። አፋንዴ፣ አርብ በዘጠኝ ተኩል ምን ሰሙ?»

«ነገርኩሽ እኮ! ማሲንቆ።»

«ማሲንቆ ሰምተዋል። ዘርአብሩክን ግን አልሰሙም።»

ደበላ ፊቱ ጠቆረ። «ጆሮዬ አይሠራም ነው የምትዪው?»

«ጆሮዎ ይሠራል። ይህ የሟቹ ደጋን ነው፤ ሌላ የለውም። ማህሌት፣ ንገሪያቸው።»

«ጭራው አዲስ ነው» አለች ማህሌት። «ሙጫ የለውም። በዚህ ደጋን ማሲንቆ ድምፅ አያወጣም።»

«ስለዚህ በዚያ ሰዓት የተሰማው ማሲንቆ በሟቹ እጅ የተመታ አይደለም» አለች ሙጂባ። «ሁለተኛ፤ ኦጎላ የሰማው ድምፅ ከእሱ ክር በላይ ነበር። የሟቹ ማሲንቆ ግን አርብ ጠዋት ወደ ኛቲቲው ወርዶ እስካሁን እንደ ገጠመ ነው። ስለዚህ የተሰማው የዚያ ቀን ማሲንቆ አይደለም። ከዚያ በፊት የተቀዳ ነው።»

ረዳቷን ኮንስታብል ታዲቻን በዐይኗ ጠቀሰችው። ታዲቻ የማስታወቂያውን መኪና አዳራሹ መስኮት ሥር አስቁሞ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው። ማሲንቆው አዳራሹን ሞላ። ማህሌት ፊቷን ሸፈነች። ኦጎላ ግን ኛቲቲውን አንድ ጊዜ መትቶ ከበርጩማው ዘሎ ተነሣ።

«ይኼ ነው! ስድቡ ይኼ ነው፣ ማማ!»

ደበላ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነው» አለ።

«የተቀዳ ድምፅ ያሰማን ሰው የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ሟቹ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በሕይወት እንደ ነበረ እንድናምን። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ግን ሰውየው ከሰባት ተኩል በኋላ በማንኛውም ሰዓት ሊሞት ይችላል ብሏል። በስምንት ሰዓት አብዱላሂ መቶ ሰው መካከል እየሰገደ ነበር። በዚያ ሰዓት ከሞተ አብዱላሂ ነጻ ነው። ገዳዩ ይህን አወቀ፤ ስለዚህ ሟቹን አብዱላሂ ለብቻው እስከሚሆንበት ሰዓት ድረስ በሕይወት ያለ አስመስሎ አኖረው።»

አብዱላሂ የታሰሩ እጆቹን ቁልቁል አየ።

«ማን ነው?» አለች ሙጂባ። «ሦስቱ ሙዚቀኞች አርብ ጠዋት ከዘርአብሩክ ጋር ዝቅ ብለዋል። ከእነሱ አንዱ ቢሆን የሰኞው ድምፅ ኦጎላን እንደሚወጋው ያውቅ ነበር፤ አያሰማውም። ያሰማው ሰው ጠዋት እዚህ ያልነበረ፣ ቅኝቱ መለወጡን ያልሰማ፣ ቢሰማም ልዩነቱን የማይለይ ሰው ነው። ሰኞ ዕለት ማሲንቆውን በስልኩ የቀዳ። የክፍሉ ግድግዳ ከጀርባው የሆነ። ክፍሉ ውስጥ የደበቃትን ትንሽ ድምፅ ማጉያ በትሪው ፎጣ ሥር ለማውጣት ከሁሉ በፊት የገባ፤ ለመጮኽም አራት ደቂቃ የፈጀበት።»

ማንም አሰግድን ቀድሞ ማየት አልፈለገም። ታዲቻ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በመዳፍ የምትያዝ፣ ከሩቅ በስልክ የምትታዘዝ፣ ገመድ የሌላት ድምፅ ማጉያ ነበረች። «ቢሮው ውስጥ ከሻይ ቅጠሉ ጣሳ ሥር፣ አፋንዴ።»

«ድምፅ ማጉያ ያለው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?» አለ አሰግድ። ድምፁ አልተናወጠም። «ሽማግሌውን ለምን እገድለዋለሁ? ያመጣሁት እኔ! ያበላሁት እኔ!»

«ስለ በሩ» አለች ሙጂባ። ከመዝገቡ አንድ ቅጠል አውጥታ ዘረጋች። «ከተማው የተቃጠለበት ቀን። ክፍል አራት፣ ዘርአብሩክ። ሌሎች አሥራ ሰባት ስሞችም አሉ፤ ሆቴሉ ባዶ አልነበረም። የጻፈው እጅ የእርስዎ ነው፣ ፊርማውም የእርስዎ። ማዶ አልነበሩም። በሩ ሲንኳኳ ውስጥ ነበሩ። ዘርአብሩክ አየዎት። አራት ዓመት ዝም አለ። ከአብዱላሂ ፊት ሲቀመጥ ግን ዐይኑን ማየት አቃተው፤ እንደ ጠላት መሆን ቀለለው። በመጨረሻ ሊናገር ቆረጠ። ማህሌት ሳታውቅ ለእርስዎ ነገረችዎት።»

«አሥራ ስምንት ነፍስ ነበር ውስጥ!» አለ አሰግድ በድንገት፤ ተነሥቶ ወደ አብዱላሂ ዞረ። «ከወንድምህ ኋላ ገጀራ የያዘ መንጋ ነበር! ብከፍት ሁላችንም እናልቅ ነበር። ምን ታደርግ ነበር አንተ? ንገረኝ፣ ምን ታደርግ ነበር?»

«ይህን ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት» አለ አብዱላሂ። ጥርሱን ነክሷል። «ለአንድ በር ማን ይገድልህ ነበር? አንተ ግን አለቀስክልኝ። አቅፈኸኝ አለቀስክ።»

«ስንኝ ሆኖ ሊወጣ ነበር» አለ አሰግድ። አሁን የሚናገረው ለማንም አልነበረም። «አንዴ ስንኝ ከሆነ ልጆቼም ይዘፍኑታል። ለመንኩት። ተንበርክኬ ለመንኩት። ‹በሩ ላይ እሱም እንዲሁ ለምኖህ ነበር› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ።»

ደበላ የአብዱላሂን የእጅ ሰንሰለት በራሱ እጅ ፈታ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ አብዱላሂም አልጠበቀም። የማርሳቢቱ መኪና በሰባት ሰዓት ተነሣ፤ የጫነው ሌላ ሰው ነበር።

እሑድ ጠዋት ሬሳው ድንበሩን ተሻግሮ ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን ሊቀበር ተነሣ። ዘርአብሩክ በከተማው ዘመድ የለውም። የዕድሩ ሰዎች ዳኛቸው ከታሰረ ወዲህ ማን እንደሚያዝዝ፣ ለማን እንደሚለቀስ አላወቁም፤ በየሱቃቸው በር ቆመው አዩ። ሳጥኑን ኦጎላ፣ ታዲቻና ደበላ አነሡት። አራተኛው ማዕዘን ወደ ታች አጋደለ። ማህሌት ልትይዘው ስትል አንድ እጅ ቀደማት።

አብዱላሂ ነበር። ማንንም አላየም። እስከ ድንበሩ ኬላ ድረስ ተሸከመ።

የኬላው ጸሐፊ ወረቀቱን ዘርግቶ ጠየቀ። «ከሟቹ ጋር ዝምድና ያለው ማነው?»

ሳጥኑ ትከሻ ላይ እየከበደ ሄደ።

«አብሬው እጫወት ነበር» አለ አብዱላሂ።

«ይህ ዝምድና አይደለም።»

«እንግዲያው ጠላቱ ነበርኩ ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን እንዳነሣ ቀረ። «ጠላቱ ከሆንክ ለምን ተሸከምከው?»

«ይቅር አላልኩትም» አለ አብዱላሂ። «ለሦስት ሰው ግን ይከብዳል። ክፈት።»